እሺ እና አዎን የለየ ሰው ሪፊዩዝ እና ዲናይ አይምታቱበትም

ጓደኛዬ ከሚሠራበት ቦታ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሰው፣ ሦስት ቀን ያለፈቃድ ከሥራ ቀርተሃል የሚል። ልጁ ግን አልቀረም፣ ገብቶ የፈረመበት ወረቀት ሁሉ አለው። ደብዳቤው በእንግሊዝኛ ስለተጻፈ መልሱንም በእንግሊዝኛ አደረገውና ገና ከመጀመሪያው መስመር «አይ ሪፊዩዝ ዚስ ሌተር» ብሎ ጀመረ። በልቡ ያለው «የተጻፈብኝ ነገር ውሸት ነው» ነው። ያነበበው ኃላፊ የገባው ግን ሌላ ነው፣ «ደብዳቤውን አልቀበልም፣ ወረቀቱን አልወስድም እያለ ነው» ብሎ ነው የተረዳው፣ እና በመቅረቱ ላይ አለመታዘዝ ተጨምሮበት ፋይሉ ውስጥ ገባ። ኋላ ቁጭ ብለን አብረን ስናስተካክለው ዋናው ለውጥ አንድ ግስ ነበር፣ ሪፊዩዝ ወጥቶ ዲናይ ገባ፣ «አይ ዲናይ ዚ አለጌሽን» ሆነ፣ ማለትም የተባለውን አላደረግኩም። ያኔ ነው «እሺ ማስረጃህን አምጣ» የተባለው።

ከዛ ወዲህ ይሄን ነገር ለብዙ ሰው አስረድቻለሁ፣ ምክንያቱም የሰው ጥፋት አደለም። መዝገበ ቃላት ስትከፍቱ ሪፊዩዝ ሚለው ላይ «እምቢ አለ፣ ከለከለ፣ አልቀበልም አለ» ይላል፣ ዲናይ ላይ «ካደ፣ ከለከለ»፣ ሪጀክት ላይ «አልቀበልም አለ፣ ውድቅ አደረገ»፣ ዲክላይን ላይ ደግሞ ያው «አልቀበልም አለ»። አራቱም አንድ ይመስላሉ እኮ! ማነው ከዛ ላይ ሊለይ ሚችለው።

እኔን የገላገለኝ ነገር አማርኛችን ውስጥ ያለ ነው። እኛ ለ«የስ» ሁለት ቃል አለን። «ና» ሲሉን «እሺ» እንላለን፣ «መጥተሃል?» ሲሉን «አዎ» እንላለን። አንዱ ለማድረግ መስማማት ነው፣ አንዱ እውነት ነው ብሎ ማረጋገጥ ነው፣ ሕፃን ልጅ እንኳን አያምታታቸውም። እንግሊዝኛ ለሁለቱም «የስ» ይላል፣ ለተቃራኒያቸውም «ኖ» ይላል፣ ግስ ላይ ሲደርስ ግን ይለያቸዋል። የእሺ ተቃራኒ ሪፊዩዝ ነው፣ የአዎ ተቃራኒ ዲናይ ነው። በቃ። እምቢ ማለት የፈለገ ሪፊዩዝ ይበል፣ «አይ፣ እንደዛ አደለም» ማለት የፈለገ ዲናይ ይበል። ጓደኛዬ «አይደለም» ማለት ፈልጎ «እምቢ» ነው ያለው።

ሪፊዩዝ ላይ ብዙ አልቆይም ቀላል ስለሆነ። ወደፊት ሊደረግ የተጠየቀ ነገር አለ፣ ሰውየው አላደርግም አለ፣ ስለዚህ ከኋላው «ቱ» እና ግስ ይከተላል፣ «ሺ ሪፊዩዝድ ቱ ሳይን»፣ አልፈርምም አለች። ጥቁር አሜሪካዊቷ ሮዛ ፓርክስ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1 ቀን 1955 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) አላባማ ሞንትጎመሪ ውስጥ አውቶቡስ ላይ ለነጭ ተሳፋሪ ወንበር ልቀቂ ስትባል አለቅም አለች፣ ይሄን ታሪክ በእንግሊዝኛ ብታነቡ «ሪፊዩዝድ ቱ ጊቭ አፕ ኸር ሲት» ነው ሚለው፣ ዲክላይንድ ቢባል የሻይ ግብዣ ሊመስል ነው፣ ዲናይድ ቢባል ደግሞ ጭራሽ ትርጉም የለውም። ሪፊዩዝ ውስጥ እግርን ተክሎ መቆም አለ። ግዑዝ ነገር ላይ እንኳን ይሠራል፣ እኛ «መኪናው አልነሳም አለኝ» እንደምንለው እነሱም «ዘ ካር ሪፊዩዝድ ቱ ስታርት» ይላሉ፣ መኪናው ፈቃድ ያለው ይመስል። እዚህ ጋ ሁለቱ ቋንቋዎች በጣም ይገናኛሉ።

ዲናይ ግን ሁለት ፊት ስላለው ረጋ ብሎ ማየት ይፈልጋል።

አንደኛው ፊቱ «አላደረግኩም፣ አልሆነም» ሚለው ነው። እኛ «ካደ» ብለን እንተረጉመዋለን፣ ልክ ነው፣ ጴጥሮስ ዶሮ ሳይጮህ ሦስት ጊዜ የካደው በእንግሊዝኛውም ዲናይ ነው። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ፣ በአማርኛ «ካደ» ስንል ሰውየው ነገሩን እያወቀ ዋሸ ሚል ሽታ አለው፣ «ከሃዲ» ስድብ ነው። በእንግሊዝኛ ዲናይ እንደዛ አደለም፣ ማንንም አይወነጅልም። ንጹሕ ሰውም ዲናይ ያደርጋል፣ ወንጀለኛም ዲናይ ያደርጋል፣ ቃሉ ሚነግራችሁ «አላደረግኩም አለ» ብቻ ነው። ብስክሌት ተወዳዳሪው ላንስ አርምስትሮንግ ለዓመታት ዶፒንግ (የተከለከለ አበረታች መድኃኒት) መውሰዱን ሲያስተባብል ጋዜጦቹ የጻፉት ዲናይድ ነው፣ በ2013 በቴሌቪዥን ወስጃለሁ ብሎ ሲያምንም ያለፈውን ሲያወሩ ያው ዲናይድ ነው ሚሉት፣ ቃሉ አልተቀየረም፣ እውነቱ ነው የወጣው። ስለዚህ ዜና ስትተረጉሙ እባካችሁ ዲናይድን ሁሉ «ካደ» አትበሉት፣ ሰው ላይ ትፈርዳላችሁ፣ «አስተባበለ» ወይም «አላደረግኩም አለ» በጣም ይሻላል።

ሰዋስዉ ላይ ከዲናይ ኋላ «ቱ» አይመጣም። «ሂ ዲናይድ ቱ ከም» ሚባል ነገር የለም፣ አልመጣም ካለ ሪፊዩዝድ ነው። ከዲናይ ኋላ ሚመጣው ስም ነው፣ ወይ መጨረሻው ላይ «ኢንግ» ያለው ግስ ነው፣ ወይ «ዛት» ነው። «ሂ ዲናይድ ቴኪንግ ዘ መኒ»፣ ገንዘቡን አልወሰድኩም አለ።

እና እዚህ ጋ የኛ ሰው በብዛት ሚወድቅበት ጉድጓድ አለ። በአማርኛ «አልወሰድኩም ብሎ ካደ» እንላለን፣ «አል» አለበት እና ደግሞ «ካደ» አለበት፣ ለኛ ጆሮ ምንም ችግር የለውም። ይሄን ቀጥታ ወደ እንግሊዝኛ ስናወርደው «ሂ ዲናይድ ዛት ሂ ዲድ ኖት ቴክ ዘ መኒ» ይሆናል። ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ? «ገንዘቡን አልወሰደም» ሚለውን አስተባበለ፣ ማለትም «ኧረ ወስጃለሁ» አለ። ሁለት አሉታ ተጣፍቶ አዎንታ ሆነ። የምስክርነት ቃል ትርጉም ላይ ወይም የቅሬታ ማመልከቻ ላይ ይሄ ቢገባ አስቡት፣ ሰውየው በራሱ ላይ መሰከረ ማለት ነው። ዲናይ በሆዱ «አይደለም» ሚለውን ይዟል፣ ሌላ «ኖት» አትጨምሩለት።

በፍርድ ቤት ደግሞ ዲናይ አለማለትም ዋጋ አለው። በአሜሪካ የፌደራል ፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ደንብ 8 ላይ ተከሳሹ ለቀረበበት እያንዳንዱ ነገር አምናለሁ ወይ እክዳለሁ ብሎ መልስ ይሰጣል፣ መልስ እየተጠበቀበት ያላስተባበለው ነገር ከጉዳት ካሳው መጠን በስተቀር እንዳመነ ይቆጠርበታል። «አላውቅም፣ በቂ መረጃ የለኝም» ካለ ግን እንዳስተባበለ ነው ሚቆጠርለት። ማመንም ማስተባበልም ማይፈልግ መንግሥት ሲሆንስ? በ1974 ሲአይኤ ሚባለው የአሜሪካ የስለላ ድርጅት ከዛ በፊት የሰጠመ የሶቪየት ሰርጓጅ መርከብ ግሎማር ኤክስፕሎረር በምትባል መርከብ በድብቅ ሊያወጣ ሞክሮ ነበር፣ ጋዜጠኛ ሰነድ ስትጠይቀው ሰነዱ መኖር አለመኖሩን «ኒዘር ኮንፈርም ኖር ዲናይ» አለ፣ አናረጋግጥም አናስተባብልም። ነገሩ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1976 ውሳኔ ተሰጠበት፣ እስከ ዛሬ እንደዛ አይነት መልስ «የግሎማር መልስ» ይባላል። እዩት፣ እዚህ ጋም የዲናይ ተቃራኒ ኮንፈርም ነው፣ የአዎ ወገን።

ሁለተኛው የዲናይ ፊት «ነፈገ» ነው። «የዘገየ ፍትሕ እንደተነፈገ ይቆጠራል» ስንል በእንግሊዝኛው ያለው ቃል ዲናይድ ነው። እዚህ ጋ ስለ እውነት ውሸት ወሬ የለም፣ ሰው ሊያገኘው ሚገባው ወይም ሚፈልገው ነገር ነበር፣ ተከለከለ። «ሂ ዎዝ ዲናይድ ቤይል»፣ ዋስትና ተከለከለ። እንዴት ነው ታዲያ ከመጀመሪያው ፊቱ ምንለየው? ነገሩ ማን ላይ እንደወደቀ እዩ። «ሂ ዲናይድ ኢት» ካለ ሰውየው ራሱ ነው ያስተባበለው፣ «ሂ ዎዝ ዲናይድ ኢት» ካለ ሰውየው ተነፍጎ ነው ያለቀሰው። አንዲት «ዎዝ» ሰውየውን ከተናጋሪ ወደ ተበዳይ ትቀይረዋለች።

ይሄኛው ፊት ላይ ሪፊዩዝም ሊገባ ይችላል፣ «ሪፊዩዝድ ኤንትሪ»ም «ዲናይድ ኤንትሪ»ም (መግባት ተከለከለ) ይባላል፣ ሁለቱም ልክ ነው። እንደ እኔ ስሜት ሪፊዩዝድ ሲባል ጥያቄው እና መላሹ ይታዩኛል፣ ዲናይድ ሲባል ያጣው ሰው ይታየኛል፣ ለዛ ይመስለኛል መብት ሲነሳ ዲናይ ሚበዛው። የቪዛ ነገር ላይ ሰዎች «ዲናይድ ነኝ ወይስ ሪፊዩዝድ?» ብለው ሲጨነቁ አያለሁ፣ ፎርሙ ላይ አንዱ ቃል ብቻ ስለተጻፈ «የኔ እሱ አደለም» ብለው ኖ ሚሞሉም አሉ፣ ይሄ አደገኛ ነው። ዲኤስ 160 ሚባለው የአሜሪካ ቪዛ ማመልከቻ ፎርም ቪዛ «ሪፊዩዝድ» ሆነህ ታውቃለህ ወይ ብሎ ይጠይቃል፣ ኢስታ ሚባለው፣ ያለ ቪዛ መግባት ሚፈቀድላቸው አገሮች ዜጎች ሚሞሉት የኦንላይን ፎርም ደግሞ ቪዛ «ዲናይድ»፣ መግባት «ሪፊዩዝድ» ይላል። የአንድ አገር መንግሥት ነው ሁለቱንም ለቪዛ ሚጠቀመው፣ እዚህ ጋ ልዩነት የለም፣ ተከልክላችሁ ከሆነ የስ ነው።

ልዩነት ያለው ሪጀክት ሲመጣ ነው፣ እና ይሄኛው ገንዘብ እና ጊዜ ያስከፍላል። የሪጀክት ሥሩ ላቲን ነው፣ ወደኋላ መወርወር ማለት ነው። ከፊታችሁ የቀረበ ነገር አለ፣ አይታችሁ ወይም ገና ስትነኩት «ይሄማ አይሆንም» ብላችሁ መለሳችሁት። የአሜሪካ ኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት ማመልከቻ «ሪጀክትድ» ሲል ፊርማ ጎድሏል ወይ ክፍያው ልክ አደለም ብሎ ሳይመረምረው ወረቀቱን መለሰ ማለት ነው፣ እንዳልገባ ነው ሚቆጠረው፣ ያስገባችሁበት ቀንም አይያዝላችሁም፣ ይግባኝም የለውም፣ አስተካክሎ እንደገና ማስገባት ነው። «ዲናይድ» ካለ ግን ገብቷል፣ ጉዳያችሁ ታይቷል፣ ከዛ ነው ተከለከላችሁ የተባለው። የአሜሪካ የሕክምና ኢንሹራንስ ሂሳብ ሚሠሩ ሰዎችም ልክ እንደዚሁ ነው ሚለዩት፣ ሪጀክትድ የሆነ ክሌም (የክፍያ ጥያቄ) ስህተት ስላለው ሲስተሙ ውስጥ አልገባም፣ አርመህ ትልከዋለህ፣ ዲናይድ የሆነው ግን ታይቶ አንከፍልም የተባለ ነው፣ ስለዚህ አፒል (ይግባኝ) ነው ሚያስፈልገው። ሪጀክት ለተደረገ ወረቀት ይግባኝ ሲጽፍ ወር የጨረሰ ሰው አይቻለሁ፣ የጎደለው እኮ አንድ ፊርማ ነበር።

መወርወሩን ካያችሁት ሌላውም ይገባችኋል። ሰውነት የሌላ ሰው ኩላሊት ሲገባበት ባዕድ ነው ብሎ ሲያጠቃው ሪጀክሽን ይባላል፣ በ1954 ቦስተን ላይ የመጀመሪያው የተሳካ የኩላሊት ንቅለ ተከላ ሊሠራ የቻለው ሰጪ እና ተቀባይ ፍጹም ተመሳሳይ መንትዮች ስለነበሩ ነው፣ ሰውነቱ ሚመልሰው ባዕድ ነገር አላገኘም። ማንዴላም በ1985 የደቡብ አፍሪካው ፕሬዚዳንት ፒ. ደብልዩ. ቦታ «አመፅን በይፋ ካወገዝክ እፈታሃለሁ» ሲሉት ያቀረቡለትን መልሶ ወረወረው፣ መልሱንም ልጁ ዚንዚ ሶዌቶ ስታዲየም ለሕዝብ አነበበችው። እዛ ጋ ሪጀክትድ ነው ሚባለው፣ «ዚ ኦፈር» ሚል ስም አለውና። ከሪጀክት ኋላ ሁልጊዜ ስም ነው፣ «ሪጀክትድ ቱ ጎ» ስህተት ነው፣ መሄድ ሚወረወር ነገር አደለም።

ሰው ላይ ሲሆን ሪጀክት ያቆስላል። ለዛ ነው የሥራ ቅጥር ደብዳቤዎች ቃሉን ሚሸሹት፣ «አንሰክሰስፉል» (አልተሳካም) ይላሉ፣ «በሌላ አመልካች ቀጥለናል» ይላሉ። እናንተም የሰው ሐሳብ ላይ መልስ ስትጽፉ «አይ ሪጀክት ዩር አይዲያ» አትበሉ፣ እንደ በር መዝጋት ነው።

እና ምን እንበል? ዲክላይን። ይሄ በኛ «ይቅርብኝ» ሚለው ነው። «ይቅርብኝ» ውስጥ ጠብ የለም፣ ሰጪው አልተናቀም፣ እኔ ነኝ የተውኩት። የላቲን ሥሩም ዘወር ማለት፣ ማዘንበል ነው፣ አንገትን ሸብረክ አድርጎ ማለፍ በሉት። ፈረንሳዊው ጸሐፊ ዣን ፖል ሳርትር በ1964 የኖቤል ሥነ ጽሑፍ ሽልማትን አልወስድም ሲል፣ የቬትናሙ ተደራዳሪ ሌ ዱክ ቶ በ1973 የሰላሙን ሲተው፣ የሁለቱም ታሪክ ላይ ሚጻፈው ዲክላይንድ ነው፣ ክብር ነዋ የቀረበላቸው። ጋዜጠኞችም አስተያየት ያልሰጠን ባለሥልጣን በአብዛኛው «ዲክላይንድ ቱ ኮሜንት» ነው ሚሉት፣ ሪፊዩዝድ ካሉት ሰውየው ሚደብቀው ነገር ያለው ያስመስላል፣ ምርጫቸውን አይታችሁ የጋዜጣውን ስሜት መገመት ትችላላችሁ። ስልካችሁ ላይ ሲደወል ቀዩ ቁልፍ ዲክላይን ነው፣ የካላንደር ግብዣ ሲመጣም አክሰፕት እና ዲክላይን ነው ያለው፣ ካርዳችሁም አልሠራም ሲል «ዲክላይንድ» ይላል፣ ገንዘብ የለህም ብሎ ሰው ፊት አያዋርዳችሁም።

ተርን ዳውን የዲክላይን የወሬ አቻ ነው፣ ከጓደኛ ጋ ስታወሩ እሱን በሉ፣ ማመልከቻ ላይ አትጻፉት። «ኢት» ካለ መሐል ይገባል፣ «ተርንድ ኢት ዳውን»።

ኮምፒውተር ላይ ሚሠራ ሰው ካለ ይሄን ሁሉ ስክሪኑ ላይ ያገኘዋል። «ኮኔክሽን ሪፊዩዝድ» ሲል ማሽኑ አለ፣ መልስ ሰጥቷል፣ ግን ብዙውን ጊዜ በዛ ፖርት (የግንኙነት በር) ሚያዳምጥ ፕሮግራም የለም፣ ግንኙነት ፍጠር ተብሎ እምቢ አለ። «ፐርሚሽን ዲናይድ» ሲል ፋይሉ አለ፣ አንተ ግን መብቱ የለህም፣ ተነፍገሃል። ፋየርዎል (ሚገባ ሚወጣውን ዳታ ሚያጣራው ጠባቂ) ላይ «ሪጀክት» ብላችሁ ካዘዛችሁት የመጣውን ዳታ አላስገባም ብሎ ለላኪው መልስ ይመልሳል፣ «ድሮፕ» ካላችሁት ዝም ብሎ ይጥለዋል። ቃሎቹን የመረጡት ሰዎች ጥንቅቅ አድርገው ነው የመረጧቸው፣ ኤረር መልእክት ሳታነቡ አትዝለሉ።

የቀረው ሪፊዩት ነው፣ እና ይሄን ከዲናይ ጋ ሚያምታታው የኛ ሰው ብቻ አደለም፣ እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው የሆኑትም ናቸው። ሪፊዩት በጥብቅ ትርጉሙ አስተባበለ ሳይሆን በማስረጃ አፈረሰ ነው። ሕይወት ያላቸው ነገሮች ከግዑዝ ነገር በራሳቸው ይፈጠራሉ ሚለውን ፈረንሳዊው ሳይንቲስት ሉዊ ፓስተር በ1860ዎቹ መጀመሪያ አካባቢ ሪፊዩት አድርጎታል፣ አንገቱ ረዝሞ የተጠማዘዘ ጠርሙስ ውስጥ መረቅ አፍልቶ ተወው፣ አየር ይገባል አቧራ ግን አንገቱ ላይ ይቀራል፣ መረቁ አልተበላሸም፣ አንገቱን ሲሰብረው ተበላሸ። ይሄ ነው ሪፊዩት። ቃል አቀባይ ማይክ ፊት ቆሞ «ውሸት ነው» ቢል ዲናይ ነው ያደረገው። መዝገበ ቃላቶች አሁን ሁለተኛውን ትርጉምም ያስገቡታል፣ ሰው ስለተጠቀመበት፣ እኔ ግን አልወደውም፣ ምክንያቱም ማስረጃ ያላቀረበ ሰው ያቀረበ ይመስላል። ሪበት ሚለው መሐል ላይ ነው፣ መከራከሪያ አቅርቦ መልስ መስጠት፣ ተሳካለትም አልተሳካለትም። ጓደኛዬ ደብዳቤው ላይ መጀመሪያ ዲናይ አደረገ፣ የፈረመበትን ወረቀት ሲያያይዝ ነው ሪፊዩት ያደረገው።

ስም ስታደርጓቸው ደግሞ ጥንቃቄ። የሪፊዩዝ ስም «ሪፊዩዛል» ነው፣ የዲናይ «ዲናያል»፣ የሪጀክት «ሪጀክሽን»። ሪፊዩዝ እራሱን እንደ ስም ካዋላችሁት፣ ድምፁ ጠንክሮ ሚነገርበት ቦታ ወደ ቃሉ መጀመሪያ ሄዶ መጨረሻው «ዝ» መሆኑ ቀርቶ «ስ» ይሆንና «ሬፍዩስ» ይባላል፣ ትርጉሙ ቆሻሻ፣ ሚጣል ጥራጊ ነው። ዲክላይንም ስም ሲሆን መቀነስ፣ ማሽቆልቆል ነው፣ «ዘ ዲክላይን ኦፍ ዚ ኦፈር» ብሎ የጻፈ ሰው ግብዣውን ይቅርብኝ ማለቱን ሳይሆን ግብዣው እየቀነሰ መሄዱን ነው የጻፈው፣ ስለዚህ እዛ ጋ በስም አትድከሙ፣ «አይ ዲክላይንድ ዚ ኦፈር» ብላችሁ በግሱ ጻፉት።